አባቴ አውሮፕላን ሊያቃኑ የተነሱ ዕለት

አውሮፕላን ሲንገጫገጭ የምስቅ ሴት ነኝ። ሌላው ሰው ወንበሩን ጨምድዶ ይዞ ጸሎት ሲጀምር እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እስቃለሁ። ባለፈው ልጄን ልጠይቅ ድሬዳዋ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት አየሩ ሲያንገላታን ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ቀና ብላ ብታየኝ ትከሻዬ እስኪነቃነቅ እየሳቅኩ ነው። «እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ደህና መሆኔን ነገርኳት። ለምን እንደምስቅ ሳልነግራት ግን አረፍን፣ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ለእሷ ያልደረሰውን ወሬ ለእናንተ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ሰኔ ላይ ነው። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ልጅ ነበርኩ፤ አሰላ ከወላጆቼ ቤት ነው የምኖረው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ትናንት መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ አላውቅም። ያቺን ቀን ግን አልረሳትም፣ ምክንያቱም የማገባውን ሰው ላጣው ስል ያገኘሁባት ቀን ናት።

መጀመሪያ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ አቶ ወልዴ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው አሰላ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሱቁ ደህና ሲሄድላቸው ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ሆነው ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ አውቶቡስ ገዙ። ከዚያ ወዲያ ሱቁን ለእናቴ ትተውላት እሳቸው የአውቶቡሱ ሆኑ። ከአሰላ በኢተያና በዴራ አድርጎ ናዝሬት ሲሄድ፣ ከናዝሬት ሲመለስ፣ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጎን የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሾፌሩ መሪውን ይያዝ እንጂ አውቶቡሱን የሚነዱት እሳቸው ናቸው ይባል ነበር።

የዚያን ጊዜ መንገድ ያየ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ በተለይ ከኢተያ ወዲህ ያለው ጥቁር ጭቃ አውቶቡሱን ወደ ገደሉ ወገን ያጋድለዋል። ታዲያ ሲያጋድል አባባ ከፊት ብድግ ብለው ከዘራቸውን እያነሱ «ኦሊቲ! ኦሊቲ!» ይላሉ። አብዛኛው ተሳፋሪ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ነው በኦሮምኛ የሚናገሩት፤ ወደ ላይ እለፉ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ቄስ አይል፣ ሼህ አይል፣ ነፍሰ ጡር አይል፣ በዝቅተኛው ወገን የተቀመጠ ሁሉ ተነስቶ ከፍ ወዳለው ወገን ይሄድና ሰው ላይ ሰው ይደራረባል። አውቶቡሱም በሰው ክብደት ቀና ይላል። የአሰላ ሰው ይህን ሕግ ከዳዊት በላይ ያውቀዋል። እኔም በልጅነቴ ተኝቼ እንኳ «ኦሊቲ» ሲባል እግሬ ራሱ ተነስቶ ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ግርማ ልምጣ። ግርማ አባቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ከደብረ ብርሃን ወደ አሰላ የተዛወሩ ልጅ ነው። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተማርን። ትምህርቱን ሲጨርስ አዲስ አበባ ሄዶ አውሮፕላን ላይ መንገደኛ አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። ለፈቃድ ሲመጣ ያን ሰማያዊ ኮቱንና ባርኔጣውን አድርጎ በገበያው መሃል ሲያልፍ ማየት ነበር። እኔ ልሙት፣ ሚዛን ላይ ያለ ገብስ እንኳ ሳይመዘን ይቀር ነበር። መዋደዳችንን ቀድማ ያወቀችው እናቴ ናት። አባባ ግን ያወቁት ሽማግሌ የመጣ ቀን ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆመው ነገራቸውን ተናገሩ። አባባ ሰምተው ሲያበቁ የልጁ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አውሮፕላን ላይ መንገደኛ ያስተናግዳል አሏቸው። ትኬት ያያል፣ ሰውን ያስቀምጣል፣ ዕቃ ያሳስራል። አባባ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ ረዳት ነው በሉኛ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ የዋህ፣ እንደሱ ማለትም ይቻላል ብለው መለሱ። አለቀ። ነገሩ እዚያ ላይ ተበላሸ።

አባባ ለረዳት ያላቸውን ግምት ከተማው ሁሉ ያውቃል። የራሳቸው ረዳት ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲያስር ወድቆ የፊት ጥርሶቹን አጥቷል። «የኔው ረዳት ከአውቶቡስ ጣሪያ ወድቆ ጥርሱን ነው ያጣነው። የናንተ ሲወድቅ ምኑን እናገኛለን?» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። መሬት የረገጠ ሰው ይምጣ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቢመጡም መልሱ ያው ነበር። እኔ በጓዳ በኩል ሆኜ እየሰማሁ ነጠላዬን በእንባ አራስኩት።

መላ ያመጣችው እናቴ ናት። የአባባ እህት ጎባ ነው የሚኖሩት፤ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ኑልኝ ብለው ልከው ነበር። ከአሰላ ጎባ በክረምት፣ በዚያ ተራራ ላይ፣ በበቅሎ ከሳምንት በላይ ያስኬዳል። እናቴ ታዲያ እራት ላይ ቀስ ብላ፣ በአውሮፕላኑ ብትሄድ እህትህንም ታያለህ፣ የልጁንም ሥራ በዓይንህ ታያለህ አለቻቸው። አባባ እሺ አሉ። ነገር ግን ቁርጡን ተናገሩ። ሥራው ሥራ ሆኖ ካገኙት ያስቡበታል፤ ካልሆነ ግን የግርማ ስም በዚያ ቤት ዳግመኛ አይነሳም። «አስካሉም አብራኝ ትሂድ፣ የምትገባበትን ትየው» አሉ፣ እኔን ማለታቸው ነው። እናቴ ትንሽ ደነገጠች፣ ግን ራሷ ያመጣችው ነገር ስለሆነ ስንቃችንን ማዘጋጀት ጀመረች።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ግርማ በሩ ሥር ቆሟል። አባባን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበታቸው እስኪደርስ እጅ ነሳ። አባባ ግን እሱን ትተው አውሮፕላኑን ይዞሩት ጀመር። ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። ሥሩ ጎንበስ ብለው ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ አዩ። ከዚያ ጎማ ቢፈነዳ ጎባ ላይ ጎሚስታ አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ግርማ በትሕትና፣ አለ ጋሼ፣ አለ። እንዳልነበረ በኋላ ነግሮኛል።

የዚያን ጊዜው አውሮፕላን እንደ ዛሬው ወንበሩ ሁሉ ወደ ፊት የሚያይ አልነበረም። በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተጠግቶ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ መንገደኛው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። መሃሉ ላይ የጨው ከረጢትና የጨርቅ ጥቅል በመረብ ታስሮ ተቀምጧል። ሰዉ አብዛኛው የአርሲና የባሌ ነጋዴ ነው። ከእኛ ትይዩ የጮሌ ከተማ ገብስ ነጋዴ ሐጂ ከድር ነበሩ፤ የአባባ አውቶቡስ የቆየ ደንበኛ ናቸው። አንድ ፖሊስም ነበር፣ ሁለት ዶሮ በቅርጫት የያዘች ሴትም ነበረች። ግርማ እየዞረ የእያንዳንዱን ሰው ቀበቶ አሰረ። የአባባን ሁለቴ አጥብቆ ነው ያሰረው።

መጀመሪያ ላይ በረራው ማር ነበር። አዋሽን አለፍን፣ ሐይቁን በሩቁ አየን። ከዚያ ግርማ መጥቶ አሰላ በቀኝ በኩል ትታያለች አለን። አባባ ቀበቷቸውን ፈትተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ያበራል፣ ገበያው እንደ ተዘረጋ ሰፌድ ክብ ብሎ ይታያል። አባባ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ቆዩና ድንገት ጮኹ። አውቶቡሳቸው በዚያ ሰዓት ዴራ መድረስ ሲገባው ደጃፋችን ቆሟል። «ይሄ ሾፌር! እኔ ዘወር ስል!» አሉ። ከሰማይ ሆነው ሠራተኛ የተቆጣጠሩ የመጀመሪያው የአሰላ ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

በቁጣቸው ቀበቶውን መልሰው ማሰሩን ረሱት። አውሮፕላኑም ወደ ጭላሎ ተራራ ተጠጋ።

ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው። ተራራው አናቱ ላይ ደመና ጭኗል። መጀመሪያ ወለሉ ተንገጫገጨ፣ ልክ ኮረኮንች ላይ እንደወጣ አውቶቡስ። ቀጥሎ ወረድን። መውረድ ብዬ እንዴት እንደማስረዳችሁ አላውቅም፤ ሆዴ እላይ ቀርቶ እኔ ብቻዬን የወረድኩ መሰለኝ። ዶሮዎቹ ጮኹ። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። እኔ በትይዩ መስኮት ሳይ ክንፉ ወደ ላይ ወደ ታች ይታጠፋል። አንድዬ፣ ተሰበረ አልኩ። ከዚያ አውሮፕላኑ እኛ ወደ ተቀመጥንበት ወገን አጋደለ።

አባባ ብድግ አሉ። ከዘራቸውን አነሱና እንደ ኢተያው ጭቃ ላይ በሙሉ ድምፃቸው «ኦሊቲ!» አሉ።

ከትይዩ ሐጂ ከድር «አላህ!» ብለው ቀበቷቸውን ፈቱ፤ ለሚመጣው ሰው ቦታ ሊለቁ ጠጋ ጠጋ አሉ። በኛ ወገን የነበረው አርሲ ሁሉ በአባባ አውቶቡስ ያልተሳፈረ የለም፤ ተነሳ። የጨው ከረጢቱን እየረገጠ ወደ ማዶ መሻገር ያዘ። የዶሮዋ ሴት ቅርጫቷን በጭንቅላቷ አድርጋ ተሻገረች። ፖሊሱ እንኳ ሕግ መስሎት ተከተለ። እኔስ? እኔም ተነሳሁ። የአሰላ ልጅ «ኦሊቲ» ሲባል እግሩ ፈቃድ አይጠይቅም።

አውሮፕላኑ ቀና አለ። አባባ አሸናፊ ሆነው ዞር ዞር ብለው አዩን። ወዲያው ደግሞ ወደ ማዶው፣ ሁላችንም ወደ ተደራረብንበት ወገን አጋደለ። አባባ አልደነገጡም። ሰዉ በዝቶ ነው የመሰላቸው። ግማሻችሁ ተመለሱ ብለው አዘዙ። ግማሻችን ተመለስን። ጨውን እየረገጥን፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቅን፣ ምን አለፋችሁ፣ ገበያ ሆነ። በፊት በኩል በሩ ተከፈተና ፈረንጁ አብራሪ አንገቱን አውጥቶ በራሱ ቋንቋ ተቆጣ። ለካ አውሮፕላኑ ወዲህ ወዲያ የሚከብድበት ለምን እንደሆነ ጠፍቶት ኖሯል።

ግርማ ከኋላ እየሮጠ መጣ። ሰዉን አንድ በአንድ እየገፋ አስቀምጦ አሰረ። የቀሩት አባባ ብቻ ናቸው። በመሃል፣ ከረጢት ላይ፣ ከዘራ ይዘው ቆመዋል። እባክዎን ይቀመጡ ጋሼ አላቸው። አባባ፣ አንተ ልጅ አርፈህ ሥራህን ሥራ፣ እኔ ይህን ሥራ ስሠራ አንተ ገና ፊደል አልቆጠርክም አሉት።

ያን ጊዜ ግርማ ባርኔጣውን ጣለ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባባን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሁለት ትከሻቸውን ያዘና ወንበሩ ላይ ቁጭ አደረጋቸው። ቀበቶውን ጎትቶ በወገባቸው አሰረው። «ጋሽ ወልዴ፣ አውቶቡሱ ላይ እርስዎ ይዘዙ፣ እኔ እታዘዛለሁ» አለ። «እዚህ ግን የማዘው እኔ ነኝ።»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከአውሮፕላኑ መውደቅ ይልቅ ይህ ነው ያስፈራኝ። ትዳሬ እዚያ ጨው ላይ ተፈጥፍጦ ቀረ ብዬ ነው ያሰብኩት።

ዓይኔን የገለጥኩት አውሮፕላኑ እንደገና ሲወርድ ነው። ይህኛው ከሁሉም ባሰ። ሁላችንም ታስረናል፤ ያልታሰረው ግርማ ብቻ ነው። ከወለሉ ላይ ብድግ አለና፣ እውነቴን ነው፣ እግሩ መሬት ለቀቀ፤ ሲመለስ ዞሮ አባባ ጭን ላይ ዘፍ አለ። አባባ ከዘራቸውን ወርውረው በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት። ሊነሳ ሞከረ፣ አልለቀቁትም። አውሮፕላኑ ይወረወራል፣ አባባ ጥርሳቸውን ነክሰው ግርማን አቅፈዋል። ባለ ሰማያዊ ኮቱ ጎልማሳ እንደ ሕፃን አባቴ ጭን ላይ ሆኖ ጭላሎን ተሻገርን።

ሲረጋ ለቀቁት። ግርማ ተነስቶ ኮቱን አስተካከለ፣ ባርኔጣውን ፈልጎ አገኘ። ጎባ ሣሩ ላይ አረፍን። ግርማ በሩ ሥር ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ይሸኛል። አባባ በአጠገቡ አለፉ። ዞር ብለውም አላዩትም።

ክርስትናው እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። አክስቴ ምን ሆነሽ ነው የማትበይው ሲሉኝ ሆዴን ነው እላለሁ። አባባ ስለ በረራው አይናገሩም። ደጅ ላይ ተቀምጠው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቱን ጠርተው ወደ አሰላ የሚሄድ በቅሎ ይገኝ እንደሆነ ሲጠይቁ ሰማሁ። በቃ አልኩ። በበቅሎ ከተመለስን መልሱ ያ ነው። አባባ አውሮፕላኑን ትተው በዚያ ዝናብ ተራራ ከወጡ፣ የግርማ ስም ዳግመኛ አይነሳም ማለት ነው። ያን ሌሊት ያልተሳልኩበት ታቦት የለም።

በማግሥቱ አባባ በጠዋት ቀሰቀሱኝ። «ተነሺ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠን» አሉ። በቅሎውን የጠየቁት ለካ ለአክስቴ እህል ወደ ወፍጮ ሊያስጭኑ ኖሯል። ደስታዬን ለመደበቅ ቁና ሙሉ ጥሬ ይዤ የአክስቴን ዶሮዎች አበላሁ። ይኸው ነው የማስታውሰው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ አባባ ግርማ ሳይመጣ ራሳቸው ቀበቷቸውን አሰሩ። የኔንም አዩ። ከጎናቸው የተቀመጠውን የማያውቁትን ሰው ደግሞ፣ እሰር እንጂ ምን ትጠብቃለህ ብለው ተቆጡት። ግርማ በሩቁ ያያል፣ አይጠጋም። በጠዋት ስለነበር አየሩ ጸጥ ያለ ነው። ጭላሎን ስናልፍ ወተት እንኳ በብርጭቆ ቢይዙ አይፈስም። አባባ ይህን ሲያዩ ግርማን በእጃቸው ጠሩት።

ያን ጊዜ ለምን እንደዚያ ሆነ፣ ዛሬስ ምነው ጸጥ አለ ብለው ጠየቁት። ግርማ መሃል ላይ ካለው ጭነት ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ነፋሱ ከቆላው ሜዳ መጥቶ ተራራውን ሲመታ ሽቅብ ይወጣል፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ቁልቁል ይወረወራል አለ። የእኛው የቀጨማ ወንዝ ድንጋዩን ዘሎ ሲወርድ እንደሚንፈራገጠው ማለት ነው፣ ውሃው ይታያል እንጂ አየሩ አይታይም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ፀሐይ የታረሰውን መሬት ስታግለው ትኩሱ አየር ይነሳል፣ ጎኑ ያለው ቀዝቃዛ ይወርዳል። አውሮፕላኑ አንዱን ለቆ አንዱ ውስጥ ሲገባ ነው የሚነሳውና የሚወርደው። ጠዋት ግን መሬቱ ገና አልሞቀም። የወደቅን ይመስለናል እንጂ አልወደቅንም፣ አየሩ ነው የተንቀሳቀሰው፣ አውሮፕላኑ ግን በአየሩ ላይ ነበር አለ።

አባባ፣ መንገዱ ነዋ ኮረኮንች የሆነው፣ አሉ። ግርማ አዎ አለ። ታዲያ ክንፉስ ለምን ታጠፈ አሉ። እንዲታጠፍ ሆኖ ነው የተሠራው፣ ባይታጠፍ ነበር የሚሰበረው አላቸው።

አባባ ወደ መስኮቱ ዞረው ክንፉን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ። እንደዚያ ሲበራ ያየሁት አውቶቡሱን የገዙ ዕለት ብቻ ነው።

«ባሌስትራው ነው!» አሉ። «ክንፉ ባሌስትራው ነው!»

አውቶቡስን ከሥሩ የሚሸከሙትን፣ ጉድጓድ ሲመታ የሚታጠፉትን የተደራረቡ ብረቶች ማለታቸው ነው። ግርማ ሳቀ፣ እንዲያ ነው ጋሼ፣ በትክክል እንዲያ ነው አለ። አባባ ከጎናቸው ወዳለው ሰው ዞረው ነገሩን እንደገና ያስረዱት ጀመር። እስክናርፍ ድረስ አልተዉትም።

ስናርፍ ግን እንደገና ኮስተር አሉ። ግርማን ጠርተው፣ ቅዳሜ ሽማግሌዎችህ ናዝሬት ድረስ ይምጡ፣ በአውቶቡሴ ይሳፈሩ፣ አንተም አብረህ ና አሉት። ምን እንደሚሉት አልተናገሩም። ሽማግሌ ሲላክ ልጁ አብሮ አይመጣም። ፊት ለፊት ሊያባርሩት ይሆን እያልኩ ቅዳሜ እስኪደርስ ሰውነቴ አለቀ።

ቅዳሜ ዝናብ ነው። ናዝሬት ድረስ አባባን ተከትዬ የሄድኩት ሱቅ ዕቃ እመርጣለሁ ብዬ ነው፤ እውነቱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጡ፣ ግርማ መሃል ላይ፣ እኔ ኋላ ከሴቶቹ ጋር። ዴራን አለፍን። ኢተያን አለፍን። ጭቃው መጣ። አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ወደ ገደሉ አጋደለ።

ግርማ ብድግ አለ። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ በዚያ በአውሮፕላኑ ድምፁ፣ «ሁላችሁም በቦታችሁ ተቀመጡ!» አለ። ልማድ ሆኖበት ነው። ሰዉ ግራ ገባው፤ ለመነሳት ግማሽ የተነሳው ግማሽ ላይ ቀረ። አውቶቡሱ ይብስ አጋደለ።

አባባ ከፊት ወንበራቸው ተነስተው መጡ። የግርማን ክንድ ያዙ። «ይሄ የኔ ነው፣ እዚህ የማዘው እኔ ነኝ» አሉ። «ተነስ ልጄ፣ ኦሊቲ!»

ግርማ እንደ ሚዳቋ ዘሎ ወደ ላይኛው ወገን ሄደ። አውቶቡሱ በሙሉ ተከተለው፣ ሽማግሌዎቹም ጭምር። እኔ ግን «ልጄ» ያሉትን ሰምቼ ቦታዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሰው እየጎተተ ነው ያሻገረኝ።

ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ጭቃቸውን ደጅ ላይ አራግፈው እንደ ደንቡ ገብተው ቆሙ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የተለመደውን ንግግር ጀመሩ። ልጅዎን ለልጃችን ብለው ሳይጨርሱ አባባ አቋረጧቸው።

«ልጁንማ አንዴ አቅፌዋለሁ» አሉ። «ከዚህ በኋላ የት እጥለዋለሁ? ተቀመጡ።»

እናቴ ከጓዳ እልል አለች። እኔ አልወጣሁም። ማታ ላይ አባባ ብቻዬን ሲያገኙኝ፣ በኔ አውቶቡስ ላይ እንዲያ ያለ ረዳት ቢኖረኝ እኔ የፊት ወንበር ምን አስቀመጠኝ፣ ሱቄ ውስጥ እተኛ ነበር አሉኝ። እኔን ፈርቶ ሰዉን ቢተው ኖሮ አልሰጥሽም ነበር አሉኝ። አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

አባባ ከዚያ ወዲያ አሰላ ውስጥ የአየር ሊቅ ሆኑ። አየር አቀበት ቁልቁለት አለው፣ ኮረኮንችም አለው፣ ክንፉ ግን ባሌስትራ ስለሆነ አትፍሩ እያሉ፣ አውሮፕላን አይቶ ለማያውቅ ገበሬ ሁሉ በአውቶቡሳቸው ሲያስረዱ ኖሩ። ካረፉ ዘመን ሆኗቸዋል። ግርማ ደህና ነው፣ ጆሮው ብቻ ትንሽ ደከም ብሏል። ከድሬዳዋ ስመለስ አየሩ እንዳንገላታን ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀበቶሽን አስረሽ ነበር ወይ አለኝ።

አስሬ ነበር። ግን አውሮፕላኑ ባጋደለ ቁጥር እግሬ ዛሬም ይነሳል። አባቴ ተነሺ ይሉኛል፣ ባሌ ተቀመጪ ይለኛል፣ እኔ በሁለቱ መሃል ታስሬ እስቃለሁ።